«ደርግ» ስንል የምንስታቸው ነገሮች

ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ አንድ የእንግሊዝኛ የታሪክ መጽሐፍ ይዞ መጣና «አጎቴ፣ ደርጊዩ ምንድን ነው?» አለኝ። ሳቄን ውጬ ገጹን ሳየው፣ በአንዳንድ የቆዩ መጻሕፍት ልማድ ደርግ የሚለው ቃል ጫፉ ላይ ጅራት (ue) ተቀጥሎለት Dergue ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ጅራቱንም አንብቦታል። ግን እዚህ ያደግነውም ስለዚህ ቃል የምንስተው ብዙ ነው።

«ደርግ ምኅጻረ ቃል ነው።» አይደለም። የፓርቲ ስም በምኅጻረ ቃል ኢሕአፓ፣ መኢሶን፣ ኢሠፓ በሚባልበት ዘመን የገነነ ስም ስለሆነ እንደዚያ ይመስላል እንጂ፣ ደ፣ ር እና ግ የሚወክሉት ነገር የለም። ከሩሲያም አልመጣም። የግእዝ ቃል ነው።

«ትርጉሙ ወታደራዊ አገዛዝ ነው።» ትርጉሙ ኮሚቴ ነው፤ በቃ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ መኮንኖችና ወታደሮች አዲስ አበባ አራተኛ ክፍለ ጦር ተሰብስበው አስተባባሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ያኔ ቃሉ ማንንም አያስደነግጥም ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ተባለ፤ ወታደርነቱን የሚናገረው ሁለተኛው ቃል ነው፣ የመጨረሻው አይደለም። ኋላ ደግሞ በውስጡ ሌላ አካል ተፈጠረና «የደርግ ቋሚ ኮሚቴ» ተባለ። ፈትታችሁ ብታነቡት «የኮሚቴው ቋሚ ኮሚቴ» ይሆናል! ፍቺው ተረስቶ ስሙ ብቻ የቀረው ገና ያኔ ነው ማለት ነው። ዛሬ የአገሩን ቃል ትተን በፈረንጁ የእድር ኮሚቴ፣ የሠርግ ኮሚቴ እንላለን። አልፈርድም፤ «የሠርግ ደርግ ተቋቁሟል» ቢባል የሙሽሪት አባት ምን ይላሉ?

«ደርግ ማለት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው።» ከእሳቸው በፊት ጄኔራል አማን አንዶም፣ ቀጥሎም ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ሊቀ መንበር ነበሩ። አማን ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ተፈሪ ጥር 26 ቀን 1969 ተገደሉ። መንግሥቱ ሊቀ መንበር የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው።

«ደርግ 17 ዓመት ገዝቶ ግንቦት 20 ወደቀ።» በወሬ ማንም አይከራከርም፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። በሕግ ግን ደርግ የሚባለው አካል ያበቃው ጳጉሜን 5 ቀን 1979 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዴሪ) ሲታወጅ ነው። ግንቦት 20 ቀን 1983 የወደቀው ኢሕዴሪ ነው። ሰዎቹ በአብዛኛው ያው ስለነበሩ ሕዝቡ ስሙን አልቀየረላቸውም፤ ትክክልም ነበር። ግን የ1981 ደብዳቤ ላይ «የደርግ ማኅተም» የሚል ግርጌ ጽሑፍ የሚያኖር ሰው፣ ማኅተሙ ላይ ያለውን ስም አላነበበም።

አነባበቡስ? «ዴርግ» አይደለም፣ ደ ግእዝ ነው፣ ኀምስ አይደለም። ር እና ግ መካከል ምንም ድምፅ አይገባም፣ ከግ በኋላም የለም። «ደርጉ» የሚባለው «ኮሚቴው» ለማለት ሲፈለግ ነው። ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ማብራራት ሰለቸኝና «ሠርግ ማለት ትችላለህ?» አልኩት። ይችላል፤ በየክረምቱ ሁለት ሦስቱ ላይ ይጨፍራል። «በል ሠን በደ ቀይረው» አልኩት። ወዲያው ወጣለት።