ጭብጦ እና «ኢነርጂ ባር»፦ ስለ መንገድ ስንቅ የሚነገሩ ስሕተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ «ባር» ሲባል አስቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ድራፍት የሚቀዳበት ቤት ነው። ከእህል፣ ከለውዝና ከማር ወይም ከስኳር ተጠፍጥፎ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ቁራጭም «ኢነርጂ ባር» እየተባለ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እኔ ዋጋውን አይቼ በቤቴ መሥራት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ከጎረቤትም ከመሥሪያ ቤትም ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች አንድ በአንድ ላንሣ።

«ተፈጥሯዊ ተብሎ ከተጻፈበት ጤናማ ነው»

ከፊት የተጻፈው ማስታወቂያ ነው። መነበብ ያለበት ከጀርባ በትንንሽ ፊደል የሰፈረው የይዘት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ብዙውን ጊዜ በክብደት ቅደም ተከተል ስለሚጻፍ፣ በመጀመሪያ የተጠቀሰው በብዛት የገባው ነው። ስኳር ወይም ግሉኮስ ሽሮፕ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዱ ከሆነ፣ በእጅዎ ያለው አጃ የተነሰነሰበት ከረሜላ ነው።

«ማር እኮ ስኳር አይደለም»

ጎጃሜ በማር ሲመጡበት አይወድም፤ እኔም አልወድም። ይሁንና ከ100 ግራም ማር ውስጥ 80 ግራም ገደማው ስኳር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውኃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርን ከገበታ ስኳር ጋር ደምሮ ይቆጥረዋል፤ ከሁለቱም የምናገኘው ጉልበት ከዕለቱ ምግባችን ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራም ስኳር ነው፤ ወደ ግማሹ ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ማር በጣዕሙና በማያያዝ ችሎታው ይወደድ እንጂ፣ «ጤና ስለሆነ» ተብሎ አይጨለፍም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ለሕይወት የሚያሰጋ መርዝ ያመነጫል።

ማርን ካነሣን አይቀር፣ የረጋ ማር ሁሉ ስኳር የተቀላቀለበት ነው የሚለውም ስሕተት ነው። ንጹሕ ማርም በተፈጥሮው ይረጋል። እንዲቀልጥ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ዕቃውን ማስቀመጥ ይበቃል።

«አጃ፣ ቴምርና የለውዝ ቅቤ ከሌለ አይሠራም»

በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። አጃ የጠፋ ይመስል! በጮቄ ተራራ ዙሪያ እንግዶ የሚባለው የአጃ ዓይነት ምን ሆነና? ዲማ ጊዮርጊስና ዋሸራ ቅኔ ፍለጋ ይሄድ የነበረው የቆሎ ተማሪስ በሶና ቆሎ ሰንቆ አልነበረም ወይ የተጓዘው? የተቆላ እህልን ከኑግ ጋር ወቅጦ በጭብጥ ጨብጦ መብላት የቆየ የልጆች ደስታ ነው፤ ጭብጦ ይባላል። ወረቀት አልተጠቀለለበትም እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ቴምሩ ከሩቅ የመጣ ማያያዣ ነው፤ ኑጉ ግን እዚሁ አለ። ኑግ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ዘይት ነው። በምጣድ ላይ ለስላሳ እሳት ሲመታው ጠጥ ጠጥ ማለት ይጀምራል፤ ያኔ ወዲያው ይወርዳል፤ አንድ ደቂቃ ከዘገዩ ይመርራል። ገና እንደሞቀ በሙቀጫ ሲወቀጥ ዱቄቱ እየወዛ ይያያዛል፤ ዘነዘናው ላይ መለጠፍ ሲጀምር ደርሷል። እህሉን አብሮ የሚይዘው ይህ ወዝ ስለሆነ ማሩ ይቀንሳል፤ ቅቤም ስለማያስፈልገው በጾም ይበላል።

የእኔ ልክ ይህ ነው፦ 2 ብርጭቆ ሸርከት የተደረገ የገብስ ቆሎ፣ 1 ብርጭቆ ሸርከት የተደረገ የሽምብራ ቆሎ፣ 1 ብርጭቆ የተወቀጠ ኑግ፣ ጥቂት ጨው፣ ግማሽ ብርጭቆ (140 ግራም ገደማ) ማር። በ16 ሲቆረጥ ለአንዱ የሚደርሰው ስኳር 7 ግራም ገደማ ነው።

ማሩን ማፍላት ግድ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ አሙቄ ብቻ ቀላቀልኩት፤ ጠዋት ማርቆስ ላይ ድንጋይ መስሎ ነበር። ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃ ስንወርድ ፌስታሉ ውስጥ ገንፎ ሆነ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሣቃቸውን ለመደበቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። አሁን ጠብታውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እጥላለሁ፤ በጣት ሲነኩት እንደ ሰም ከተሰበሰበ እህሉ ላይ ይፈስሳል፤ በትሪ ላይ በብርጭቆ ቂጥ ተጠቅጥቆ ገና ለብ እያለ በቢላዋ ይቆረጣል።

«የሚያጠግበው ጣፋጩ ነው»

ጣፋጩ ቶሎ ያነቃል፣ ቶሎም ያስርባል። ሆድ የሚይዘው አሰር (ፋይበር) እና ፕሮቲን ነው። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለው፤ ከውኃ ጋር ሲገናኝ እንደ ሙቅ ወፍሮ ምግቡ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። ስለዚህ ከቁራሹ ጋር ውኃ ይጠጡ። ሽምብራ ደግሞ ከክብደቱ አምስተኛው ያህል ፕሮቲን ነው። በአንጻሩ ኑግና ለውዝ ጉልበታቸው ከባድ ስለሆነ (100 ግራም ለውዝ 567 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው) ቁራሾቹን እንደ ቡና ቁርስ ያለ ቁጥር መዛቅ አይቻልም።

«ተልባ እንዳለ ቢገባም ያው ነው»

አይደለም። ያልተፈጨ ተልባ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል።

«ለውዝ ቢሻግትም ሲቆላ ይጸዳል»

በኑግ ፈንታ ለውዝ የምታስገቡ ይህን ልብ በሉ። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳና ለካንሰር የሚዳርግ መርዝ ነው፤ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የሻገተ፣ የጠቆረና የተጨማደደ ፍሬ ሰፌድ ላይ ተለቅሞ ይጣል።

«ማር ስላለበት አይበላሽም»

ማሩ አይበላሽ ይሆናል፤ የኑጉ ዘይት ግን ይበላሻል። እኔ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ፣ ከምድጃው ርቆ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ አላቆየውም። ክዳኑ ሲከፈት የቆየ ዘይት ከሸተተ ወደ ዶሮዎቹ እንኳ አልወረውረውም።