ሚዛኑ እውነት ይናገራል? ስለ ሚዛን የምናምናቸው ስህተቶች እና እውነታው

ሥጋ ቤት፣ ቅቤ ተራ፣ ወርቅ ቤት፦ ሁሉም ጋ ሚዛኑ ያለውን አምነን እንከፍላለን። ስለ ሚዛን የምናምነው ነገር ግን ብዙው ልክ አይደለም። ስህተቱ ኪስ ይጎዳል። ጤና ኬላ ላይ ሲሆን ደግሞ ሕፃን ይጎዳል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ባዶውን እኩል ከቆመ ትክክል ነው»

ብዙ ሰው የሚያምነው ይሄንን ነው፤ ብዙ የሚያስበላውም ይሄው ነው። ገዢ ሁለቱ ሳህኖች ባዶ ሆነው እኩል መቆማቸውን ያይና ልቡ ያርፋል። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ልክ የሚሆነው ግን ግራና ቀኝ ያሉት ክንዶች ርዝመታቸው እኩል ሲሆን ነው። አንዱ ክንድ ቢረዝም እንኳ፣ በአጭሩ በኩል ያለውን ሳህን ትንሽ በማክበድ ባዶውን እኩል ማቆም ይቻላል። በዓይን አይታወቅም።

በቁጥር እንየው። አንዱ ክንድ 20፣ ሌላው 21 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የ1 ኪሎው የሚዛን ድንጋይ በአጭሩ በኩል፣ በርበሬው በረጅሙ በኩል ቢቀመጥ፣ ሳህኖቹ እኩል የሚሆኑት በርበሬው 952 ግራም ሲደርስ ነው። 48 ግራም ቀረባችሁ ማለት ነው።

መፍትሔው «አቀያይሩልኝ» ማለት ነው። በርበሬው ወደ ድንጋዩ ቦታ፣ ድንጋዩ ወደ በርበሬው ቦታ ይሂድ። ክንዶቹ እኩል ከሆኑ ምንም አይለወጥም። ካልሆኑ ግን ያው በርበሬ አሁን እኩል የሚቆመው ከ907 ግራም ጋር ነው። 1000ን በ907 አባዝታችሁ ስኩዌር ሩቱን ብታወጡ እውነተኛውን 952 ታገኛላችሁ። ይህ ዘዴ በጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ በጋውስ ስም ይታወቃል።

እኔ የበለጠ የምወደው በፈረንሳዊው በቦርዳ ስም የሚጠራውን ነው። ዕቃውን አንድ ሳህን ላይ አድርጉ። በሌላው ሳህን እኩል እስኪሆን አሸዋ ጨምሩ። ከዚያ ዕቃውን አንሡና በእሱ ቦታ ድንጋይ እየጨመራችሁ እንደገና እኩል አቁሙት። ዕቃውም ድንጋዩም የተመዘኑት በአንድ ክንድ ላይ ስለሆነ የክንዱ ርዝመት ለውጥ አያመጣም።

«ሚዛን ሁሉ የሚለካው አንድ ነገር ነው»

አይደለም። ባለ ሁለት ሳህኑ ዕቃውን ከሚታወቅ ድንጋይ ጋር ያወዳድራል። የመሬት ስበት ሁለቱንም እኩል ስለሚስብ ጅቡቲ ወደብም ሆነ አዲስ አበባ መልሱ አንድ ነው። ባለ ስፕሪንጉና ዲጂታሉ ግን የሚለኩት ስበቱ ዕቃውን ምን ያህል ወደ ታች እንደሚጎትተው ነው። ስበት ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሜትር በሰከንድ ስኩዌር ሲለካ ጀርመን ውስጥ 9.81 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነና ለምድር ወገብም ስለምትቀርብ 9.77 ገደማ ነው። ጀርመን ተስተካክሎ በሻንጣ የመጣ እንዲህ ያለ ሚዛን 1 ኪሎውን ዕቃ እዚህ 996 ግራም ብሎ ያነበዋል። ለሽንኩርት ምንም አይደል። ለወርቅ ግን ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሚዛኑን እዚሁ፣ ልኩ በሚታወቅ ድንጋይ ማስተካከል የግድ ነው።

«ዲጂታል ከሆነ አይሳሳትም»

ውስጡ ያለው፣ ጭነት ሲያርፍበት በጥቂቱ የሚጎብጥ ብረት ነው። ጉብጠቱ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት፣ ምልክቱ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ከአቅሙ በላይ የተጫነበት፣ ወለሉ ያዘነበለበት ወይም ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሚዛን ይሳሳታል። 0.1 ግራም ድረስ ማሳየቱ ቁጥሩን በደቃቁ መከፋፈሉን እንጂ ልክ መሆኑን አይነግረንም። አንዱን ዕቃ መሐሉ ላይ፣ ከዚያም በአራቱ ማዕዘን አስቀምጡት። ቁጥሩ ከተለዋወጠ አትመኑት።

«መርፌው ከዜሮ ትንሽ ቢያልፍ ምን ችግር አለው?»

ሕፃናት የሚመዘኑበት ተንጠልጣይ ሚዛን ላይ ችግሩ ትልቅ ነው። ልጁ የሚገባበት ማንጠልጠያ ሱሪም ክብደት አለው። ሱሪው ተንጠልጥሎ መርፌው ወደ ዜሮ ካልተመለሰ፣ 200 ግራም በከንቱ ሊጨመር ይችላል። ለስድስት ወር ሕፃን ይህ የሳምንታት ዕድገት ነው። ክብደት ያልጨመረ ልጅ እንደጨመረ ተጽፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናቶች፣ ልጁ ከመግባቱ በፊት መርፌውን እዩት፤ ዜሮ ላይ ካልሆነ ይስተካከል በሉ።

«አየር በሚዛን ላይ ምንም አያደርግም»

አየር ዕቃን በጥቂቱ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሰፊ ቦታ የሚይዘውን ደግሞ የበለጠ። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውኃ በብረት ድንጋይ ሲመዘን 1 ግራም ያህል ይቀንሳል። ለገበያ ግድ የለም። ላቦራቶሪ ግን ያሰላዋል።

«የሚዛን ድንጋይ አይለወጥም»

የዓለም ኪሎግራም ራሱ ከ1889 ጀምሮ ፓሪስ አጠገብ ሴቭር የሚቀመጥ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ሲሊንደር ነበር። በጥንቃቄ ተቀምጦም እሱና ቅጂዎቹ በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ እስከ 50 ማይክሮግራም (የግራም ሚሊዮንኛ) ያህል ተለያዩ። ስለዚህ ከግንቦት 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኪሎግራም የሚተረጎመው በዕቃ ሳይሆን የፕላንክ ቋሚ ቁጥር በሚባል፣ በማይለወጥ የፊዚክስ ቁጥር ነው።

ገበያ ላይ ያለው ብረት ደግሞ ይዝጋል፣ ይፈረፈራል፣ ቆሻሻ ይይዛል። ብዙዎቹ ልካቸው የሚስተካከልበት፣ በእርሳስ የተደፈነ ቀዳዳ አላቸው። ድንጋዩን አገላብጣችሁ እዩት። እርሳሱ ወልቆ ቀዳዳው ባዶ ከሆነ፣ 1 ኪሎ የተባለው ድንጋይ ከ1 ኪሎ በታች ነው፤ በሌላ ይመዘንልኝ በሉ።