የሴት ውሻ ማህጸንና የሽንት መንገድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሴት ውሻ ወደ እንስሳት ክሊኒክ የምትመጣባቸው ምክንያቶች ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው። ደም ታያለች፣ ከብልቷ ፈሳሽ ይወጣል፣ ወይም ሽንቷን መቋጠር አቅቷታል። ሦስቱም በአንድ በር ስለሚወጡ ባለቤቱ፣ አንዳንዴም ባለሙያው፣ እንደ አንድ ችግር ያያቸዋል። ውስጡ ግን የተለያየ ነው። የፊኛው ሽፋን፣ የብልቱ ሽፋንና የማህጸኑ ሽፋን ሦስት የተለያዩ ሕብረ ሕዋሳት ናቸው። የብልቱና የማህጸኑ ደግሞ ሆርሞን ተከትለው በየሳምንቱ መልካቸውን ይለውጣሉ። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ከመከፈቱ በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ውሻዋ መጨረሻ ደም ያየችው መቼ ነው? ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

«ውሻም እንደ ሴት የወር አበባ ታያለች»

ደሙ ይመሳሰላል፣ ምክንያቱ ግን ተቃራኒ ነው። በሴት ልጅ ጽንስ ሳይኖር ሲቀር ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይወርዳል፣ የማህጸኑ ውስጠኛ ሽፋን ይረግፋል፣ ደሙም ከዚያ ይመጣል። በውሻ ደሙ የሚታየው ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን እየጨመረ ባለበት ጊዜ ነው። ሽፋኑ በዚያን ጊዜ እየወፈረ ነው እንጂ እየረገፈ አይደለም፤ ቀያይ የደም ሴሎች ከተወጠሩት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሾልከው ይወጣሉ። የሴቷ ደም የአንድ ዙር መጨረሻ ነው፣ የውሻዋ ደም ግን መጀመሪያ።

ልዩነቱ ግቢ ውስጥ ብዙ ያስከፍላል። «ደሟ ቆመ፣ አለፈላት» ብሎ ከሰንሰለት የሚፈታት ሰው የሚፈታት ልክ ለማርገዝ በተዘጋጀችበት ሰሞን ነው። የደም ጊዜው በአማካይ 9 ቀን ነው፤ 3 ቀን ብቻ የሚቆይባት፣ እስከ 17 ቀን የሚሄድባትም አለች። ወንድ የምትቀበልበት ጊዜ ከዚያ ይቀጥላል፤ እሱም በአማካይ 9 ቀን ገደማ ነው። ደሙ ያን ጊዜ እየሳሳ ገለባ ቀለም ይይዛል፤ ግን ቀለሙን ማመን አይቻልም፣ እስከ መጨረሻው ቀይ የሚሆንባቸው አሉ። በዚያ ላይ የውሻ እንቁላል ሳይበስል ነው የሚወጣው፣ ለመዳበር ሌላ 2 ወይም 3 ቀን ይፈልጋል፤ የወንዱ ዘርም ማህጸን ውስጥ ለቀናት በሕይወት ይቆያል። ማርገዝ የማይፈለግባትን ውሻ የመጀመሪያው የደም ጠብታ ከታየበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ አራት ሳምንት መዝጋት ነው። ደሙ በየወሩ አይመጣም፤ በሁለት ድራት (ውሻዋ ደም አይታ ወንድ በምትቀበልበት ወቅት) መካከል በአማካይ 7 ወር ያልፋል።

«ስሚሩ ላይ ነጭ የደም ሴል ስለበዛ ኢንፌክሽን ነው»

ስሚር ማለት ከብልቱ ግድግዳ በጥጥ ተወስዶ ስላይድ ላይ የተቀባ ናሙና ነው። እዚህ ላይ ብዙ አንቲባዮቲክ በከንቱ ይባክናል፤ ረጋ ብለን እንየው።

የብልቱ ግድግዳ በጠፍጣፋ ሴሎች ድርብርብ የተሸፈነ ነው፣ የራሱ እጢ የለውም። ውሻዋ ከድራት ውጭ በምታርፍባቸው ወራት ድርብርቡ ሁለት ወይም ሦስት ተራ ብቻ ነው፤ በቀላሉ ይላጣል፣ በቀላሉ ይደማል። ኤስትሮጅን ሲወጣ ወደ 20 እና 30 ተራ ይወፍራል፣ ላይኛው ክፍልም እንደ ቆዳ ይደርቃል። ይህ ውፍረት ግድግዳውን ከወንዱ ብልት ፍትጊያ የሚጠብቅ ነው። ላይኛዎቹ ሴሎች ከደም ሥር ስለሚርቁ እየሞቱ ይሄዳሉ፦ መጀመሪያ ክብ፣ ትልቅ ኒውክለስ ያለው ትንሽ ሴል፤ ቀጥሎ ሰፋ ያለ፤ በመጨረሻ ጫፉ የታጠፈ፣ ኒውክለሱ የጨለመ ወይም ጨርሶ የጠፋ ቅጠል መሳይ ሴል። ስሚር የሚነበበው ይህን ቅደም ተከተል ተከትሎ ነው። ቅጠል መሳዮቹ ከመቶ 80 እና 90 ሲደርሱ ውሻዋ ወንድ የምትቀበልበት ጊዜ ላይ ናት። የደረቁ ሴሎችን አይቶ «ቁስል ነው» ማለት የጤነኛ ሽፋንን ሥራ እንደ በሽታ መቁጠር ነው።

ነጭ የደም ሴሎች በወፈረው ግድግዳ ማለፍ ስለማይችሉ በዚያ ወቅት ከስሚሩ ይጠፋሉ። ባክቴሪያ ግን ሊበዛ ይችላል፤ ነጭ ሴል ሳይኖር የታየ ባክቴሪያ በሽታ አይደለም። ድራቱ ባለፈ በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው በድንገት ይሳሳል፣ ነጭ ሴሎችም በገፍ ይገባሉ። መድኃኒት የሚታዘዘው በዚህ ቀን ነው፣ የሚያስፈልገው ግን ቀኑን ማወቅ ብቻ ነበር።

አወሳሰዱም ውጤቱን ይወስናል። የብልቷ ከንፈሮች ይጠረጋሉ፣ በኖርማል ሳላይን የረጠበ ጥጥ ያለው ስንጥር በላይኛው ጥግ በኩል ወደ አከርካሪ አቅጣጫ ተዘንብሎ ይገባል፣ የዳሌውን አጥንት ካለፈ በኋላ ወደ ፊት ይቀጥላል። በታችኛው በኩል የገባ ስንጥር ቂንጥሩ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፤ የዚያ ሽፋን ሁልጊዜም ደረቅ ሴል ስለሚሰጥ ያልደረሰችውን ደርሳለች ያሰኛል። አንዴ ወይም ሁለቴ ይዞራል፣ ስላይድ ላይም ይንከባለላል፤ ከተፋተገ ሴሎቹ ይቀደዳሉ። ፈጣን የደም ቀለም ከሌለ ለወባ ምርመራ የሚያገለግለው ጊምሳ የተባለ ቀለም ይበቃል፣ ስላይዱ ሴሎቹን በሚያጸናው ሜታኖል ከተያዘ በኋላ። ደሴ ውስጥ በሐምሌ፣ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን፣ ስላይዱ ቶሎ አይደርቅም፤ ቀስ ብሎ የደረቀ ሴል ደግሞ ይጨማደዳል። በወረቀት እያራገቡ ማድረቅ ይሻላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ይጠየቃል፣ አፏም ይታሰራል።

«ሽንቷ ውስጥ ደም ወይም መግል ካለ ፊኛዋ ታሟል»

ሴት ውሻ ሽንቷ የሚወጣበት ቀዳዳ ውጭ ከንፈሩ ላይ አይደለም። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ብልቱ ቬስቲቡል ከሚባለው የጋራ ደጃፍ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ወለሉ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ውጭ ሽንትና የማህጸን ፈሳሽ አንድ መንገድ ይጋራሉ። በሳህን የተቀበልነው ሽንት ስለዚህ የደጃፉን ሁሉ እጣቢ ይዞ ይመጣል። ፊኛውን ለመወንጀል ሽንቱ በቀጥታ ከፊኛው፣ በሆድ በኩል በቀጭን መርፌ መወሰድ አለበት። ማህጸኗ መግል ይዟል ተብሎ ከተጠረጠረ ግን መርፌው የተወጠረውን ማህጸን ሊወጋ ስለሚችል አይሞከርም። እዚህም ያው ጥያቄ ይመለሳል፤ ድራት ላይ ያለች ውሻ በሳህን የተቀበልነው ሽንቷ ደም ቢኖረው ምን ይደንቃል?

የፊኛው ሽፋን ዩሮቴልየም ይባላል፤ ከላይ ሰፋፊ ጃንጥላ መሳይ ሴሎች፣ ከሥር የተደራረቡ ትንንሾች አሉት። ፊኛው ሲሞላ ሽፋኑ ይለጠጣል፣ ተራው የቀነሰ ይመስላል፤ ሲኮማተር ይታጠፋል፣ ይወፍራል። ባዶ ፊኛ ቆርጦ ስላይድ ላይ አይቶ «ግድግዳው ወፍሯል፣ የቆየ ብግነት ነው» የሚል ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብግነት ለማለት ውፍረት አይበቃም፤ ከሽፋኑ ሥር የገቡ ነጭ ሴሎች፣ እብጠት፣ የላጠ ሽፋን ወይም አዲስ የደም ሥር መታየት አለበት። ይህ ሽፋን ከሞት በኋላ ቶሎ ስለሚረግፍ ሬሳ ላይ ከሰዓታት በኋላ የተወሰደ ናሙና «የላጠ ሽፋን» ቢያሳይም ማስረጃ አይሆንም።

ማህጸኗና እንቁልጢዋ (እንቁላልና ኤስትሮጅን የሚያመነጨው አካል) ከወጣ በኋላ ተኝታ ሽንት የሚያመልጣት ውሻም አለች፣ በተለይ ትላልቆቹ። ያጣችው ኤስትሮጅን የሽንት ቧንቧውን ጡንቻና ሽፋን ያጠነክር ስለነበር መዝጊያው ይላላል። «ሐኪሙ ፊኛዋን ቆረጠባት» የሚለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። በአብዛኛው በመድኃኒት ይስተካከላል።

«ፈሳሽ ካልወጣ ማህጸኗ ደህና ነው»

ገዳዩ ስህተት ይህ ነው።

ውሻ አረገዘችም አላረገዘችም፣ ከድራት በኋላ ለሁለት ወር ያህል ፕሮጄስትሮን ደሟ ውስጥ ከፍ ብሎ ይቆያል። ሆርሞኑ የማህጸኑን እጢዎች ያጠማዝዛል፣ ፈሳሽ እንዲያመነጩ ያደርጋል፣ ጡንቻውን ያስተኛል፣ የማህጸኑን በር ይዘጋል፣ መከላከያውንም ያዳክማል። በድራቱ ጊዜ በተከፈተው በር የገባ ባክቴሪያ፣ ብዙውን ጊዜ ኢ. ኮላይ፣ ሙቅና ምግብ የሞላበት ቤት ያገኛል ማለት ነው። በየድራቱ ይህ ሲደጋገም እጢዎቹ ወደ ከረጢትነት ያብጣሉ፤ ማህጸኑ ሲከፈት በዓይን የሚታዩ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች ይገኛሉ። መግል ሲጨመርበት ፓዮሜትራ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ድራቱ ባለፈ በሁለት ወር ውስጥ ይመጣል።

በሩ ክፍት ከሆነ መግሉ ይወጣል፣ ሰውም ያያል። ዝግ ከሆነ ምንም አይወጣም፣ ሆዷ ግን ያብጣል፣ መርዙ ወደ ደም ይገባል። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ውሃ መጠጣቷ ነው፤ የባክቴሪያው መርዝ ኩላሊቷ ሽንቱን እንዳያወፍር ስለሚያደርግ። በቀን በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ብዙ ነው፤ 20 ኪሎ የምትመዝን ውሻ ከሁለት ሊትር በላይ ጠጣች ማለት ነው። ውሃውን በጆግ ለክቶ መስጠት ማንም የሚችለው ምርመራ ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት አለ፣ «በሙቀቱ ነው» እየተባለ ሁለት ቀን ይታለፋል፤ ሁለቱ ቀናት ያድኗት ነበር። መድኃኒቱ በደም ሥር ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ ማህጸኑንና እንቁልጢውን ማውጣት ነው።

ለሰው የሚሰጠውን የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ለውሻ መስጠትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በውስጡ ያለው ሰው ሠራሽ ፕሮጄስትሮን ከላይ የተባለውን ሁሉ ለወራት ያራዝማል። አይሰጥ።

ስላይድ የሚያነቡም ይጠንቀቁ፦ ከድራት በኋላ ባሉት ሳምንታት የጤነኛ ማህጸን ላይኛ ሴሎች ረጅም፣ ውስጣቸው አረፋ የመሰለ ይሆናሉ። ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ተጠግኖ ወደ እረፍት መልኩ የሚመለሰው ከ4 ወር ገደማ በኋላ ነው። ቀን ያልተጻፈበት ናሙና ስለዚህ ለአንባቢው እንቆቅልሽ ነው።

«ሳታረግዝ ወተት ካላት ታማለች»

አይደለም። ፕሮጄስትሮኑ ሲወርድ ወተት የሚያመጣው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን፣ ይወጣል፤ ጡት ያብጣል፣ ጨርቅ እንደ ቡችላ ትታቀፋለች። ጡቷ አይታለብ፣ ማለብ ወተቱን ያስቀጥላል።

«የተጣበቁ ውሾችን መለያየት ያስፈልጋል»

ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩ፣ ትልልቆችም ውሃ ሲደፉ ይታያል። የተጣበቁት የወንዱ ብልት ሥር አብጦ፣ የደጃፉ ጡንቻም ጨብጦ ስለያዘው ነው። ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ በራሱ ይለቃል። በግድ ሲጎተቱ የደጃፉ ሽፋን ይቀደዳል፣ እርግዝናውም አይቀርም፤ ዘሩ ያኔ ገብቷል።

«ደም ያንጠባጠበች ሁሉ ድራት ላይ ናት»

ሰፈር የሚዞሩ ውሾች ላይ ሌላ የደም ምንጭ አለ፤ በግንኙነትና በመላላስ የሚተላለፍ የብልት የካንሰር እጢ። አበባ ጎመን የመሰለ፣ ሲነካ የሚደማ ሥጋ ደጃፉ ውስጥ ይበቅላል። የሚተላለፈው ተሕዋስያን ሳይሆን የካንሰር ሴሉ ራሱ ነው። ስላይድ በእጢው ላይ ተጭኖ ሲነሳ ክብ ሴሎች፣ ውስጣቸው ጥርት ያሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ደሙ ከወር በላይ ከዘለቀ ከንፈሩ ተገልጦ በጓንት ይዳሰስ። በሳምንት አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ ቪንክሪስቲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት በአብዛኛው ያድነዋል፤ መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ስለሚያበሰብስ መርፌው በሐኪም እጅ ብቻ ይሁን።

«ወደ ላቦራቶሪ የሚላክ ናሙና አረቄ ውስጥ ቢቀመጥም ይደርሳል»

አረቄ ሕብረ ሕዋስን ያኮማትራል፣ ያደርቃል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ የሆነ ቁራጭም በበረዶው ይቀደዳል። የሚያስፈልገው 10 በመቶ የተስተካከለ ፎርማሊን ነው፦ 100 ሚሊ ሊትር ከጠርሙሱ የመጣ ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት። ጨዎቹ ከቀሩ ፎርማሊኑ ይኮመጥጣል፣ ስላይዱ ላይም ቡናማ ነጠብጣብ ይጥላል። ቁራጩ ከ5 ሚሊ ሜትር አይወፍር፣ ፎርማሊኑ የቁራጩን አሥር እጥፍ ይሁን። የማህጸን ቀንድ በርዝመቱ ይሰነጠቅ፣ ካልሆነ ውስጡ ሳይነካ ይበሰብሳል፤ ሽፋኑም በጣት አይጠረግ። ፊኛ በካርቶን ላይ ተወጥሮ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ይጠመቅ። አፈ ጠባብ የውሃ ፕላስቲክ አይሆንም፤ ለስላሳው ቁራጭ ይገባል፣ የጠነከረው አይወጣም።

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚደርስ ናሙና በፎርማሊን ከሆነ የመንገዱ መንገጫገጭም ሆነ የታችኛው ሙቀት አይጎዳውም፤ እርጥቡ ግን በዚያው ሙቀት መበስበስ ይጀምራል። ዕቃው ላይ በእርሳስ ይጻፍ፣ የእስክሪብቶ ቀለም በፎርማሊን ይለቃል፦ የውሻዋ ዕድሜ፣ ቁራጩ የተወሰደበት ቦታ፣ የተሰጣት መርፌ ካለ እሱ፣ እና የመጨረሻው ደም የጀመረበት ቀን።