ሜጋፒክስል ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ደህንነት ካሜራ ምክር ሲሰጥ አነበብኩ። «8 ሜጋፒክስል ከገዛችሁ እስከ 100 ሜትር ድረስ የሰው ፊት ይለያል፣ 2 ሜጋፒክስል ግን 25 ሜትር ብቻ ነው» ይላል። እርግጠኛ ሆኖ ነው የጻፈው። ብዙ ሰውም አመስግኖታል። እኔ ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ካሜራ የምገጥም ሰው ነኝ። ይህን አባባል ሳልሰማ የሚያልፍ ወር የለም። ሌላ ጊዜ ዝም ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን አልቻልኩም፤ ይህንኑ አባባል አምነው ገንዘባቸውን ካወጡ አባት ጎን ቁጭ ብዬ፣ የተሰረቁበትን ሌሊት አብሬ አይቻለሁ።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ ሐጂ ናቸው። ሌሊት የመጋዘናቸው ቁልፍ ተሰብሮ ሁለት ቦንዳ ጨርቅ ሄዷል። ካሜራው ቀድቶታል። በሩ ሲከፈት ይታያል፣ ሰውዬው ጋቢውን እስከ አንገቱ ተጠቅልሎ ሲገባ ይታያል፣ ቀና ብሎም ያያል። ሐጂ ስክሪኑን በጣታቸው እየነኩ «እስቲ አቅርበው ልጄ፣ ፊቱን አቅርበው» አሉኝ። አቀረብኩት። ፊቱ የግራጫ ካሬ ክምር ሆነ። አፍንጫው የት እንደሚጀምር እንኳን አይታወቅም። ሐጂ ትንሽ ዝም አሉና «8 ነው ብለውኝ አልነበር?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። 8 ነው። የሸጠላቸው ሰው በዚህ አልዋሸም።

ሜጋፒክስል ማለት አንድ ሚሊዮን ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው አንድ ሚሊዮን ትናንሽ ነጥቦች ነው። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። 2 ሜጋፒክስል የሚባለው ካሜራ ምስሉ ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥብ አለው። 8 የሚባለው 3840 በ2160 ነው። አባዙትና እዩት። እዚህ ውስጥ ሜትር የሚባል ነገር አለ? የለም። ሜጋፒክስል ብዛት ነው እንጂ ርቀት አይደለም። ካሜራው ምን ያህል ነጥብ እንዳለው ይነግራችኋል፣ ነጥቦቹ የት ላይ እንደሚያርፉ ግን አይነግራችሁም።

እንጀራ የጋገረ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ሜጋፒክስል በጣሳ ያለው ሊጥ ነው። ምጣዱ ደግሞ ካሜራው የሚያየው ስፋት ነው። አንድ ጣሳ ሊጥ በልኩ ምጣድ ላይ ስታዞሩት ደህና እንጀራ ይወጣዋል፣ ዓይኑም ያምራል። ያንኑ ጣሳ ሊጥ ሁለት እጥፍ በሚሰፋ ምጣድ ላይ ካዞራችሁት ይሳሳል፣ ይቀዳደዳል፣ ሲነሳም ይበጣጠሳል። ታዲያ ሊጡ ቀነሰ? አልቀነሰም። ምጣዱ ሰፋ።

የምጣዱን ስፋት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሌንሱና ርቀቱ። ገበያ ላይ ብዙ ካሜራ ይዞት የሚመጣው ባለ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ይህ በጣም ሰፊ ሌንስ ነው። በተለመደው 1/2.8 ኢንች ሴንሰር (ከሌንሱ ጀርባ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ላይ፣ በግምት የርቀቱን ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስፋት ያያል። 5 ሜትር ላይ 10 ሜትር ያህል፣ 100 ሜትር ላይ ደግሞ 190 ሜትር ያህል ማለት ነው። ይህ ምጣድ አይደለም፣ አውድማ ነው። እንግዲህ ያንን 3840 ነጥብ በ190 ሜትር ላይ በትኑት። ለአንድ ሜትር 20 ነጥብ ይደርሰዋል። የሰው ፊት ስፋቱ 16 ሴንቲሜትር ቢሆን 3 ነጥብ አገኘ። በ3 ነጥብ ማንን ነው የምንለየው?

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ስንት ሜጋፒክስል?» ሳይሆን «ለአንድ ሜትር ስንት ፒክስል?» ነው። የሙያው ሰዎች ፒክስል በሜትር ይሉታል። አይኢሲ 62676-4 የሚባል ዓለም አቀፍ መስፈርትም በፈረንጆች 2014 በወጣው እትሙ ቁጥር አስቀምጦለታል። ሰው መኖሩን ለማወቅ ብቻ ለአንድ ሜትር 25 ፒክስል ይበቃል። አለባበሱንና እንቅስቃሴውን ለመከታተል 62 ገደማ ያስፈልጋል። የምታውቁትን ሰው «እገሌ ነው» ለማለት 125። የማታውቁትን ሰው ፊት ያለ ጥርጥር ለመለየት ደግሞ 250። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሰው ያምታታቸዋል። ዘበኛችሁን ከሩቅ በአረማመዱም ታውቁታላችሁ፣ ሌባውን ግን አይታችሁት አታውቁም።

አሁን የመካሪያችንን ሒሳብ እንየው። 2 ሜጋፒክስል 25 ሜትር፣ 8 ሜጋፒክስል 100 ሜትር ብሏል። በ4 አባዝቶ ነው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ነጥቦቹ 4 እጥፍ ሲሆኑ ሁሉም ወደ ጎን አይሰለፉም፣ ወደ ጎን 2 እጥፍ፣ ወደ ታችም 2 እጥፍ ይሆናሉ። ከ1920 ወደ 3840 ያደገው 2 እጥፍ ብቻ ነው። በዚያው 2.8 ሌንስ 250ውን ፒክስል የምታገኙት በ2 ሜጋፒክስል 4 ሜትር ገደማ ድረስ ነው፣ በ8 ሜጋፒክስል ደግሞ 8 ሜትር ገደማ። አዎ፣ 8 ሜትር። 100 አይደለም።

አሁን ሊጡን ሳትጨምሩ ምጣዱን አጥብቡት። ያንኑ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በ12 ሚሊሜትር ሌንስ አድርጉት፣ 250ው እስከ 17 ሜትር ገደማ ይሄድላችኋል። ፊት በመለየት ጉዳይ ዝቅ ያለው ካሜራ ከፍ ያለውን በእጥፍ በለጠው። ዋጋው ግን አለው። 17 ሜትር ላይ የሚያየው ስፋት 8 ሜትር አይሞላም፣ ከዚያ ውጪ የሚሆነውን ጨርሶ አያይም። ለዚህ ነው «አንድ ጥሩ ካሜራ ግጠምልኝና ሁሉንም ይየው» ሲሉኝ እምቢ የምለው። ሁሉን የሚያይና ፊት የሚለይ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው።

(ቁጥሮቹ ግምት ናቸው። ሴንሰሩ ከተለየ ይለወጣሉ፣ ሰፊ ሌንስ ደግሞ ዳር ዳሩን ስለሚያጎብጥ ከመሃሉ ጋር እኩል አይወጣም። የምጣድ ጠርዝም እንደ መሃሉ አይበስልም።)

የምጣዱን ነገር ገና አልጨረስኩም። ሊጥ ቢበዛ እሳት ከሌለ አይበስልም። ለካሜራ እሳቱ ብርሃን ነው። በአንድ ዓይነት ሴንሰር ላይ 2 ሚሊዮን ነጥብ የነበረውን 8 ሚሊዮን ስታደርጉት እያንዳንዱ ነጥብ ያንሳል፣ የሚደርሰው ብርሃንም ያንሳል። ስለዚህ ቀን ላይ ያማረው ባለ 8 ካሜራ ሌሊት ምስሉ ከባለ 2ቱ ብሶ ሊበላሽ ይችላል። ካርቶኑ ላይ «30 ሜትር» ብሎ የተጻፈውም ኢንፍራሬድ መብራቱ (ዓይን የማያየው የካሜራው የሌሊት ብርሃን) የሚደርስበት ርቀት ነው፣ ፊት የሚለይበት አይደለም። ብዙ ሰው ይህንንም ከሜጋፒክስሉ ጋር ደባልቆ ያነበዋል።

ደሴ ላይ ደግሞ ጉሙ አለ። ከተማዋ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ክረምት ከጦሳ የሚወርደው ጉም ሲይዛት መንገዱም አይታይ። በዚያ ሌሊት የካሜራው ኢንፍራሬድ ጉሙን መትቶ ወደ ራሱ ይመለስና ምስሉ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። 8ም ሆነ 12 ሜጋፒክስል አያድነውም። በሩ ጎን፣ ከካሜራው ራቅ ያለ አንድ መብራት ይሻላል። ኮምቦልቻ ሲወርዱ ጉሙ ይቀራል፣ አቧራና የሸረሪት ድር ይተካል። ማሰሻ ያልነካው ምጣድ እንጀራ ይይዛል፣ ያልተወለወለ ሌንስም እንደዚያው ነው።

ውሃውም አለ። የዲቪአሩ (ምስሉን የሚቀዳው ሳጥን) ሃርድ ዲስክ ቶሎ እንዳይሞላበት ቢትሬቱን (በየሰከንዱ የሚቀዳውን የመረጃ መጠን) ዝቅ ያደረገ ሰው ሊጡ ላይ ውሃ ጨምሯል። ነጥቡ ሲቆጠር ይሞላል፣ ዓይን ግን የለውም። በርግጥ ሰው ይህን የሚያደርገው በምክንያት ነው። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚቀዳ አንድ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፣ አራት ካሜራ ከሆነ 1 ቴራባይት ስድስት ቀን አይደርስም። ርካሽ ዲቪአሮች ላይ ደግሞ 1080 ኤን የሚል ምርጫ አለ። ሰው 1080 ሲያይ ሙሉ ይመስለዋል። የሚቀዳው ግን 960 በ1080 ነው፣ ወደ ጎን ያለው ነጥብ በግማሽ ተቆርጧል። ካሜራው 2 ሜጋፒክስል ነው፣ የተቀዳው 1 ገደማ ነው። ስለዚህ በቀጥታ የሚታየውን አይታችሁ አትፍረዱ። የተቀዳውን መልሳችሁ ክፈቱት።

ወደ ሐጂ ቤት ልመለስ። ካሜራቸው ከግቢው ማዶ፣ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅሏል። እስከ በሩ በሜትር ለካሁት፣ 22 ሜትር ነው። ሌንሱ 2.8። አስሉት፤ ለአንድ ሜትር 90 ገደማ ፒክስል፣ ፊቱ ላይ 15 የማይሞላ። ሰው መግባቱንና ጋቢ መልበሱን ያሳያል፣ ያሳየውም ይህንኑ ነው። ካሜራው የሚችለውን ሠርቷል።

«ይጣል እንዴ?» አሉኝ። አብሽሩ ሐጂ፣ አይጣልም አልኳቸው። ግቢውን በሙሉ ለማየት ከእሱ የተሻለ የለም። ባለበት ተውኩትና ባለ 6 ሚሊሜትር ሌንስ የሆነ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ጨመርኩ፣ ከበሩ 6 ሜትር ላይ፣ ከፍታው 2.3 ሜትር። ከፍታው ዋና ነገር ነው። ደሴ ብርድ ነው፣ ሰው ጋቢውን ወይ ሻሹን እስከ ግንባሩ ያወርዳል፣ ከላይ ወደ ታች የሚያይ ካሜራ አናት ብቻ ነው የሚሰበስበው። እኔ ፊት እንዲለይ ለምሰቅለው ካሜራ ቁልቁለቱን ከ15 ዲግሪ አላሳልፍም። ዝቅ ሲል ይሰብሩታል የሚለው ስጋት ልክ ነው፣ ለዚያ ነው ከላይ ያለው ሰፊው ካሜራ ታችኛውን እንዲያየው ያደረግኩት።

ሲመሽ የልጅ ልጃቸውን ጋቢ አልብሰን ከውጪ እንዲገባ አደረግን። ከዚያ የተቀዳውን ከፈትኩት። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ። የልጁ ግንባር ላይ ኳስ ሲጫወት ቆስሎ የለጠፈው ፕላስተር አለ፣ ጠርዙ ሳይቀር ይታያል። «በል ይኸው» አሉና ሌላ ምንም ሳይናገሩ ደግመው እንዳስኬደው በእጃቸው ጠቆሙኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አገኘሁ። ሐጂ ውሻው የጮኸው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው ብለው ነበር። ዲቪአሩ ግን 4 ከ40 ይላል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። 2 ሰዓት አካባቢ ማለት ነበረበት። መብራት እየሄደ ሲመጣ ሰዓቱ ተዛብቶ፣ ቀኑም ዘሎ ነበር። ለፖሊስ የምትሰጡት ቅጂ ላይ የተሳሳተ ቀንና ሰዓት ካለ ከሳሹ ራሱ ሲያስረዳ ይውላል። ውስጡ ያለችውን ትንሽ ባትሪ ቀይሬ አስተካከልኩት።

ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስለ ኮምቦልቻው መጋዘናቸው አነሱ። እዚያ የሚፈልጉት የጭነት መኪና ታርጋ ነው። ያ ፒክስል በሜትር ብቻውን አይፈታውም። በሰዓት 30 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ካሜራው ሌሊት በ1/25 ሰከንድ አንድ ምስል ሲይዝ 33 ሴንቲሜትር ይሄዳል፣ ታርጋው ተለጥጦ የተጎተተ ነጭ መስመር ይሆናል። ሹተሩን ማፍጠን፣ ማለትም ካሜራው አንዱን ምስል የሚይዝበትን ጊዜ ማሳጠር አለብን፣ ሲፈጥን ደግሞ ብርሃን ያጥራል። ማክሰኞ ወርጄ በሩን ለክቼ መጥቼ እነግራችኋለሁ።