ጨፌ ኦሮሚያ በአዳማ፦ ረቂቅ እንዴት አዋጅ ይሆናል?

አዳማን የስብሰባ ከተማ የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። ጉባኤ ሲኖር ሆቴሉ ይሞላል፣ ባጃጁ ፋታ ያጣል። ከጉባኤዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው ግን የጨፌ ኦሮሚያ፣ የክልሉ ምክር ቤት፣ ጉባኤ ነው። ስንቱ አዋጅ እዚህ ከተማ እጅ ወጥቶለታል!

ጨፌ ማለት ሣሩ የለመለመ ርጥብ መስክ ነው። ስሙ የመጣው ከገዳ ሥርዓት ነው፤ ሕዝቡ በኦዳ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሕግ ይደነግግ ነበር። ሕግ በኦሮምኛ «ሴራ» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው ይደነግጥ ይሆናል እንጂ ክፉ ነገር የለበትም። ቦረናዎች ዛሬም በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ተሰብስበው ሕጋቸውን ይመረምራሉ። ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡም ሲያንሰው ነው። ከጥንቱ የኦዳ ሥር ጉባኤ ዘመን በኋላ ግን እስከ ደርግ ውድቀት ድረስ የመንግሥት ሕግ የሚወጣው አዲስ አበባ ነበር።

የዛሬው ጨፌ የቆመው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ላይ ነው። አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት በክልሉ ሥልጣን ሥር ባሉ ጉዳዮች ሕግ እንዲያወጣ ይፈቅዳል። ጨፌው 537 መቀመጫ አለው፤ አባላቱ የሚመረጡት ለአምስት ዓመት ነው።

ረቂቅ በአብዛኛው የሚነሳው ከአስፈጻሚው ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው ቢሮ ያዘጋጀዋል፣ የሕግ ባለሙያዎች ያዩታል፣ ካቢኔው ተወያይቶ ወደ ጨፌው ይልከዋል። ከዚያ ቋሚ ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ አንዳንዴም ባለድርሻ አካላት ተጠርተው አስተያየት ይሰጡበታል። ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቴሌቪዥን የምናየው ማብራሪያና ውይይት፣ ከዚያም አፈ ጉባኤዋ «የምትደግፉ» ሲሉ የሚወጣው እጅ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ተቃውሞና ድምጸ ተአቅቦም ይቆጠራል፣ ቢበዛም ባይበዛም። የጸደቀው አዋጅ በክልሉ ፕሬዚዳንት ስም ይወጣል። በፌዴራል ደረጃ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል።

ከጨፌው አዋጆች ብዙ ያነጋገረው የባህላዊ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 240/2013 ነው። የሽማግሌዎችን ዳኝነት በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ ያስገባ ትልቅ እርምጃ ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህላዊ ሕግ እንዲዳኝ መንገድ ይከፍታል። ከዚያ ያለፈ ሥልጣን ይኑራቸው ወይ የሚለው ግን የሕግ ሰዎችን አሁንም ያከራክራል።

አዳማ ራሷ የክልሉ ዋና ከተማ የነበረችበት ጊዜ አለ። በ1992 ዓ.ም. መቀመጫው ከአዲስ አበባ ወደዚህ ተዛወረ፤ ናዝሬት የሚለው ስምም ያኔ ወደ አዳማ ተመለሰ። የሽማግሌ አፍ እስካሁን ናዝሬት ማለቱን አልተወም። መንግሥት አዲስ አበባ ለኦሮሞ ቋንቋና ባህል ዕድገት አትመችም አለ። ተቃዋሚዎች ደግሞ የፊንፊኔን (የአዲስ አበባን) የባለቤትነት ጥያቄ ለመሸሽ ነው አሉ፤ ተማሪዎችም አደባባይ ወጡ። በሰኔ 1997 ዓ.ም. ክልሉን ያስተዳድር የነበረው ፓርቲ ኦሕዴድ መቀመጫው እንደሚመለስ አስታወቀ፤ ተመለሰም። ጽሕፈት ቤቶቹ ቢሄዱም ጨፌው ግን ከዚያም በኋላ አዳማ እየመጣ ተሰብስቧል።

አዋጆቹ የሚታተሙት በመገለታ ኦሮሚያ ነው፤ የክልሉ ነጋሪት ጋዜጣ ማለት ነው። ኦሮምኛው፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የሰፈሩባቸው ብዙ ናቸው። ለምሳሌ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130/1999ን አማርኛ አንባቢ በራሱ ቋንቋ ያገኘዋል። ትርጉሙ ከተለያየ የበላይነት ያለው ኦሮምኛው ስለሆነ፣ በመሬቱ ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው አማርኛውን ብቻ ይዞ ባይሄድ ይሻለዋል።