በሰዓት የሚመጣ ጧሪ፦ የቤት ለቤት እንክብካቤ በእንግሊዝ አገር

ለንደን ውስጥ በአንዳንድ ቤቶች በር አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረች ባለ ቁጥር መቆለፊያ ትንሽ ሳጥን ትታያለች። ውስጧ ያለው የቤቱ ቁልፍ ነው። ጧት 2 ሰዓት ገደማ ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ትመጣለች፣ ቁጥሩን ታስተካክላለች፣ ቁልፉን አውጥታ ትገባለች፤ ከ45 ደቂቃ በኋላ ቁልፉን መልሳ ወደ ሌላ ቤት ትሄዳለች። በዚያች ጊዜ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩት አዛውንት ታጥበው፣ ለብሰው፣ ቁርስ በልተውና መድኃኒታቸውን ውጠው መገኘት አለባቸው። በሰዓት የሚሰጥ የቤት ለቤት እንክብካቤ ማለት ይህ ነው፤ ተንከባካቢዋ አብራ አትኖርም፣ አታድርም፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከአንድ እስከ አራት ጊዜ፣ ለተቆጠረ ደቂቃ ብቻ ትመጣለች። እዚያ ያለው ሐበሻ «ኬረር» ይላታል።

በአማርኛ አረጋዊን መደገፍ «መጦር» ነው፤ «ጡረታ» የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ ግሥ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ ሲመረቅ ጧሪ የተባለው ልጅ ነው፣ ካልሆነም ዘመድ። በደቂቃ የሚከፈለው ጧሪ በምርቃቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ብዙ ቤተሰብ ካውንስሉን፣ ማለትም የአካባቢውን አስተዳደር፣ ደውሎ ከመጠየቁ በፊት እናቱ አንድ ሁለቴ እስኪወድቁ የሚጠብቀው፣ እንደሚመስለኝ፣ የአሠራሩን ውጣ ውረድ ፈርቶ ሳይሆን የጎረቤትን አፍ ፈርቶ ነው።

አገልግሎቱ ራሱ የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 የወጣው የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ለሕመምተኛ፣ ለወላድና ለአረጋዊ የቤት ረዳት እንዲልኩ ፈቀደ። የዚያን ጊዜዋ ረዳት የአስተዳደሩ ተቀጣሪ ነበረች፤ ሥራዋም በአብዛኛው ቤት ማጽዳት፣ እሳት ማንደድና ገበያ መላላክ ነበር። በ1990 የወጣውና በ1993 ሙሉ በሙሉ የተተገበረው ሌላ ሕግ ነገሩን ገለበጠው። ካውንስሎች አገልግሎቱን ራሳቸው ከመስጠት ይልቅ ከግል ድርጅቶች መግዛት ጀመሩ፤ ሥራውም ከጽዳት ወደ ገላ እጥበትና መድኃኒት ዞረ። ዛሬ የሚሠራበት የ2014ቱ የእንክብካቤ ሕግ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ነው።

በዚህ ሕግ መሠረት የሁሉም ነገር መግቢያ የፍላጎት ግምገማ ነው። ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው የሚመስሉ ሰው ሁሉ፣ ገንዘብ ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም፣ ካውንስሉ በነፃ ሊገመግማቸው ይገደዳል። የሚያስታምማቸው የቤተሰብ አባልም ለራሱ ለብቻው ግምገማ የመጠየቅ መብት አለው። ገምጋሚው የሚያየው 10 ነጥቦችን ነው፦ መብላት፣ ንጽሕና፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ መልበስ፣ በቤት ውስጥ ሳይጎዱ መንቀሳቀስ እያለ ከሰው ጋር እስከ መገናኘትና በአካባቢው ያሉ አገልግሎቶችን እስከ መጠቀም ይሄዳል። ከሕመም ወይም ከአቅም ማጣት የተነሳ ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ማከናወን ያልቻለና በዚህም ሕይወቱ ክፉኛ የተነካ ሰው ድጋፍ ይገባዋል። «አልቻለም» የሚለው ቃል ደግሞ ሰፊ ነው። በራሱ ታጥቦ ግን በብርቱ ሕመም የሚታጠብ፣ ወይም ለመልበስ ከተለመደው እጅግ የረዘመ ጊዜ የሚፈጅበት ሰው በደንቡ ቋንቋ አልቻለም ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ ግምገማ የሚገባ ቤተሰብ መብቱን በሩ ላይ ጥሎ ይገባል።

የእኛ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው። ገምጋሚዋ «እማማ፣ ገላዎን ራስዎ ይታጠባሉ?» ትላለች። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ምግብስ? «ተመስገን።» ደረጃ መውጣትስ? «እሱ ሲፈቅድ እወጣለሁ።» ልጃቸው ከወንበሩ ኋላ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እንግዳ ፊት እናቷን ማሳጣት ነውር ሆኖባት ግን ዝም ትላለች። ገምጋሚዋ ሦስቱም ላይ «ራሳቸውን ችለዋል» ብላ ትሞላለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» መልስ ሳይሆን የሰላምታ ቀጣይ መሆኑን እሷ በምን ታውቃለች?

መፍትሔው ቀላል ነው። ከግምገማው በፊት ባለው ሳምንት በየቀኑ የሆነውን በደብተር መጻፍ፦ ከአልጋ ለመውረድ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ማን አጠባቸው፣ ስንቴ መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ ቀረ፣ የትኛው ምግብ ሳይበላ ተደፋ። አስተርጓሚ ካስፈለገ ደግሞ ካውንስሉን መጠየቅ ይሻላል እንጂ ወንድ ልጅን ማስቀመጥ አይበጅም። እናት በልጇ አፍ ስለ ሽንቷ አትናገርም።

ከግምገማው በኋላ የገንዘብ ምርመራ ይከተላል። ተቀማጭ ገንዘባቸው ከ23,250 ፓውንድ በላይ የሆነ ሙሉውን ከኪሳቸው ይከፍላሉ፤ ከ14,250 በታች ከሆነ ተቀማጩ አይነካም፣ ከገቢያቸው ግን እንደ አቅማቸው ሊጠየቁ ይችላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው በስሌት ያዋጣል። እነዚህ ቁጥሮች ከ2010 ጀምሮ ሳይነኩ ቆይተዋል፤ ኑሮው ግን ባለበት አልቆመም። ብዙ ሰው የሚፈራው የቤት ጉዳይ ደግሞ እዚህ አይነሳም። እንክብካቤው የሚሰጠው በራሳቸው ቤት እስከሆነ ድረስ የሚኖሩበት ቤት ዋጋ አይቆጠርም። ከሆስፒታል ለሚወጡ ሰዎች አቅም መመለሻ የሚባል ጊዜያዊ ድጋፍ እስከ 6 ሳምንት በነፃ ይሰጣል፤ ዋጋቸው ከ1,000 ፓውንድ የማይበልጥ እንደ መያዣ ብረት ያሉ ትንንሽ የቤት ማስተካከያዎችም እንዲሁ። ከጡረታ ዕድሜ ያለፉና እርዳታ የሚሹ ሰዎች የሚያገኙት የእንክብካቤ አበልም አለ። ሀብት አይጠየቅበትም፤ በ2025–26 መጠኑ በሳምንት 73.90 ወይም 110.40 ፓውንድ ነበር። ብዙ አረጋውያን ባለማወቅ ሳይጠይቁት ይቀራሉ። ድንበር ሲሻገሩ ሕጉ ይለያያል፤ በስኮትላንድ ለአረጋውያን የሚሰጠው የአካል እንክብካቤ ከ2002 ጀምሮ ነፃ ነው፣ በዌልስ ደግሞ ክፍያው በሳምንት ከ100 ፓውንድ አያልፍም።

አገልግሎቱን ማን ይስጥ የሚለው ቀጣይ ምርጫ ነው። ካውንስሉ ድርጅት ይመድባል፤ ወይም ገንዘቡን በቀጥታ ለአረጋዊቷ ሰጥቶ ራሳቸው እንዲቀጥሩ ይፈቅዳል። ሁለተኛው መንገድ ለሐበሻ ቤተሰብ ብዙ ጥቅም አለው፤ አማርኛ የምትናገርና ሽሮ የምትሠራ ሰው መቅጠር ይቻላልና። በዚህ ገንዘብ አብሮ የሚኖር የቅርብ ዘመድን መቅጠር በአብዛኛው አይፈቀድም፤ ሌላ ቤት የምትኖር ልጅ ግን ልትቀጠር ትችላለች። ያኔ ግን እማማ በወረቀት አሠሪ ናቸው። የደመወዝ ወረቀት፣ የዓመት ፈቃድና ኢንሹራንስ ሁሉ በእሳቸው ስም ይመጣል፤ እናትና ልጅ ስለ ዓመት ፈቃድ ሲነጋገሩ መስማት ደግሞ የራሱ ጨዋታ አለው።

የአካል እንክብካቤ የሚሰጥ ድርጅት ሁሉ በ2009 ሥራ በጀመረው የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን መመዝገብ አለበት። ኮሚሽኑ እያንዳንዱን ድርጅት ይመረምራል፤ ከ«እጅግ የላቀ» እስከ «በቂ ያልሆነ» ባሉ አራት ደረጃዎች ይመድባል፤ ውጤቱንም ለሕዝብ ያወጣል። ቤተሰብ በግሉ የቀጠራት ተንከባካቢ ግን እንዲህ ያለ ምዝገባ አይጠየቅባትም፤ ስለዚህ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያውንና የቀድሞ አሠሪዎችን ምስክርነት ራሱ ቤተሰቡ ማየት አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የእንክብካቤ ዕቅድ የሚባለው ወረቀት ነው። የምትመጣዋ ሴት ብትለዋወጥም ወረቀቱ ይቀራል፤ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ አይሠራም። በዕቅዱ ላይ «ጧት፦ ቁርስ» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ዐቢይ ጾም ገባ። እማማ እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም፣ ቅቤም አይነኩም። ተንከባካቢዋ ዳቦውን ጠብሳ፣ ቅቤ ቀብታ ታቀርባለች፤ እማማ በጨዋነት ወደ ጎን ያደርጉታል፤ እሷም «ምግብ አልተቀበሉም» ብላ ትመዘግባለች። በሳምንቱ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ተብሎ ሐኪም ይጠራል። አንድ መስመር ይበቃ ነበር፦ በጾም ወራት ዋናው ጉብኝት ወደ ከቀትር በኋላ ይዛወር፣ የእንስሳት ተዋጽኦ አይቅረብ። ከምግብ ጋር የሚዋጥ ኪኒን ካለ ደግሞ ሰዓቱን የሚያዛውረው ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ነው፤ ተንከባካቢዋ በራሷ ሥልጣን አታዛውርም። የንስሐ አባት ለሕመምተኛና ለደካማ ጾሙን ሊያቀሉ ይችላሉ፤ እማማ ይቀበሏቸው እንደሆነ ሌላ ነገር ነው።

ሰዓትም ያሳስታል። ድርጅቱ በስልክ «8 ሰዓት እንመጣለን» ሲል ጧት ማለቱ ነው። እማማ የሚሰሙት ከምሳ በኋላ ነው፤ በሩ ጧት ሲከፈት ሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ ይደነግጣሉ። ማቀዝቀዣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍ ይህ አይደርስም።

የደቂቃው ነገር የቆየ ክርክር ነው። ብሔራዊ የጤናና የእንክብካቤ የላቀ አሠራር ተቋም በ2015 ባወጣው መመሪያ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጉብኝት የሚፈቀደው ሠራተኛዋ በአረጋዊዋ የምትታወቅ ስትሆን፣ ጉብኝቱ የሰፋ ድጋፍ አካል ሲሆንና ሥራው እንደ መድኃኒት ማስዋጥ የተወሰነ ሲሆን ነው ይላል። የ15 ደቂቃ ጉብኝት ግን ከመመሪያው በኋላም አልጠፋም። ሥራውን በቅርብ ያየ ሰው ሒሳቡን ያውቀዋል። ካፖርት ማውለቅና እጅ መታጠብ፣ መዝገቡን ማንበብ፣ መጨረሻ ላይ መጻፍ፤ ቢያንስ 5 ደቂቃው ሄደ። በተረፈው 10 ደቂቃ ጉልበታቸው የታመመ ሴት ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት እንኳ አይደርሱም። ለእጥበትና ለልብስ ከ45 ደቂቃ በታች መቀበል ስሕተት ነው ባይ ነኝ። ማንሻ መሣሪያ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ይመደባል፤ ያኔ አንዷ ዘገየች ማለት ሌላዋ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች ማለት ነው። ቡና አፍልቶ ሦስተኛውን በረካ እስከ ማጠጣት የሚደርስ ጉብኝት በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ የለም።

መድኃኒት የሚሰጠው በመዝገብ ነው፤ የተዋጠው ኪኒን ሁሉ በሰዓቱና በፊርማ ይያዛል። ቁስል ማሰርና የኢንሱሊን መርፌ መውጋት አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢ ነርሶች ሥራ ነው፤ እነሱ የሚመጡት በጤና አገልግሎቱ በኩል በነፃ ነው።

ሥራውን የሚሠሩት በብዛት ሴቶች ናቸው፤ ትልቅ ድርሻ ያላቸው ከውጭ የመጡ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በመካከላቸው አሉ። ከየካቲት 2022 ጀምሮ ተንከባካቢዎች በሥራ ቪዛ ከውጭ እንዲመጡ ተፈቅዶ ነበር፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ወዲህ ግን ይህ በር ለአዲስ መጪዎች ተዘግቷል። ከቤት ወደ ቤት የሚሄዱበት ጊዜ ለዝቅተኛ ደመወዝ ስሌት የሥራ ሰዓት መሆኑን ሕግ ይደነግጋል፤ ሁሉም አሠሪ ግን አያከብረውም። የቤት እንክብካቤ ድርጅቶች ማኅበር በእንግሊዝ ለ2025–26 ለድርጅቶች ሊከፈል ይገባል ብሎ ያሰላው አነስተኛ ዋጋ በሰዓት 32.14 ፓውንድ ነበር፤ ካውንስሎች ከዚህ በታች ሲከፍሉ ጉድለቱ የሚያርፈው በሠራተኛዋ መንገድ ላይ ነው። የመዘግየት አንዱ ምንጭም ይኸው ነው፤ በአውቶቡስ የሚያልፈው የማይከፈልበት ጊዜ በሠንጠረዡ ላይ አይታይም።

ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንዴ መከለስ አለበት፤ ሁኔታው ከተለወጠ ግን ቤተሰቡ ዓመቱን ሳይጠብቅ ሊጠይቅ ይችላል። ቅሬታ መጀመሪያ ለድርጅቱ፣ ከዚያ ለከፈለው ካውንስል ይቀርባል፤ መልሱ ካላረካ ወደ አካባቢ አስተዳደርና ማኅበራዊ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ ይሄዳል። የጥራት ኮሚሽኑ መረጃውን ይቀበላል እንጂ የአንድ ቤተሰብን ክርክር አይዳኝም። ድርጅት ሲለወጥ ደግሞ መዝገቡን መረከብና የበሩን ሳጥን ቁጥር በዚያው ቀን መለወጥ ያስፈልጋል።