ቫምፓየሮችና ተኩላ-ሰዎች በእርግጥ የጥንት ደመኞች ናቸው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ2003 ለእይታ የበቃው «አንደርወርልድ» የተሰኘው ፊልም ሲጀምር ጥቁር የለበሰች ተዋጊ ከረጅም ሕንጻ ጫፍ ላይ ወደ ዝናባማው ጎዳና ትዘላለች፤ ጥቂት ቆይቶም ሁለት ጎራዎች በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይታኮሳሉ። ይህ ፊልምና እስከ 2016 ድረስ የተከተሉት አራት ክፍሎች የቫምፓየሮችንና የዌርዎልፎችን ጦርነት ለብዙ ተመልካች ስላስተዋወቁ፣ በፊልሞቹ የታየው ሁሉ ከጥንታዊ አፈ ታሪክ በቀጥታ የተቀዳ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ጥንታዊ የሚባሉት አብዛኞቹ ሕጎች የልደት ዓመታቸው ይታወቃል፤ አንዳንዶቹም ከሲኒማ በፊት ጨርሶ አልነበሩም። ዌርዎልፍ የሚባለውን፣ ማለትም ወደ ተኩላነት የሚለወጠውን ሰው፣ ከዚህ በኋላ ተኩላ-ሰው እለዋለሁ፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሁለቱ ወገኖች ከጥንት ጀምሮ ደመኞች ናቸው»

ከሁሉም የተስፋፋው አመለካከት ይህ ነው፤ ከእውነታው በጣም የራቀውም ይኸው ነው። በደቡብ ስላቮች ዘንድ ቩኮድላክ የሚለው ቃል «ተኩላ» እና «ጠጉር» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚያመለክተው ወደ ተኩላነት የሚለወጠውን ሰው ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ይኸው ቃል ከመቃብር ተነሥቶ ሕያዋንን የሚያስጨንቀው ሙት፣ ማለትም የቫምፓየር መጠሪያ ሆነ። ግሪኮችም ቃሉን ተውሰው ቭሪኮላካስ ሲሉ የሚያነሡት ሙቱን ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች በሕይወቱ ተኩላ-ሰው የነበረ ከሞተ በኋላ ቫምፓየር ይሆናል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ፊልሞቹ በጦር የለያዩዋቸው ሁለቱ ፍጡራን በሕዝቡ እምነት ውስጥ አንድ ሰው በሕይወትና በሞት የሚይዛቸው ሁለት መልኮች ነበሩ ማለት ይቻላል። በ1897 በታተመው በብራም ስቶከር «ድራኩላ» ልቦለድ ውስጥ እንኳ ድራኩላ ተኩላዎችን ያዝዛል፤ ራሱም የተኩላ መልክ ይይዛል።

ተኩላ-ሰዎች የሚዋጉበት አሮጌ ታሪክ የለም ማለት ግን አይደለም። በ1690ዎቹ መጀመሪያ በሊቮንያ፣ በዛሬዋ ላትቪያ ምድር፣ ቲስ የተባለ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ በፍርድ ቤት ፊት ተኩላ-ሰው መሆኑን ሳያንገራግር አምኗል። እርሱና ባልንጀሮቹ የእግዚአብሔር ውሾች እንደሆኑ፣ ጠንቋዮች የሰረቁትን የምድር ፍሬና የእህል በረከት ለማስመለስም ወደ ሲኦል ወርደው እንደሚዋጉ ለዳኞቹ አስረድቷል። ዳኞቹ ነገሩ አልተዋጠላቸውምና ግርፋት ፈረዱበት። በዚህ አስደናቂ ቃል ውስጥ ጠላቶቹ ጠንቋዮች እንጂ ቫምፓየሮች አለመሆናቸውን ልብ ይሏል።

ሁለቱን ያጋጨው ሲኒማ ነው። በ1943 በተሠራው «ዘ ሪተርን ኦቭ ዘ ቫምፓየር» በተሰኘው ፊልም ቤላ ሉጎሲ የተጫወተው ቫምፓየር አንድን ተኩላ-ሰው አሽከር አድርጎ ይገዛዋል፤ በመጨረሻም አሽከሩ ዐምፆ ጌታውን ጎትቶ ለፀሐይ ይሰጠዋል። በ2003ቱ ፊልም ተኩላ-ሰዎቹ የቫምፓየሮች ባሪያዎችና የቀን ጠባቂዎች ከነበሩ በኋላ ማመፃቸውን ያስታወሰ ተመልካች ዝምድናውን ወዲያው ያያል። በ1991 ስለ ቫምፓየሮች፣ በ1992 ደግሞ ስለ ተኩላ-ሰዎች በአሜሪካ የታተሙት በጠረጴዛ ዙሪያ ገጸ ባሕርይ እየተላበሱ የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ሁለቱን ወገኖች በዘመናዊ ከተማ ጥላ ሥር በድብቅ አኖሯቸው። የሚገርመው፣ «አንደርወርልድ» ራሱ ጦርነቱን የወንድማማቾች ያደርገዋል፤ በተከታታዩ ውስጥ ሁለቱም ዘሮች የሚመዘዙት ከአንድ አባት መንትያ ልጆች፣ የሌሊት ወፍ ከነከሰችውና ተኩላ ከነከሰው፣ ነው።

«ቫምፓየር በፀሐይ ብርሃን መቃጠሉ የቆየ እምነት ነው»

ይህ እምነት የተወለደው በ1922 ነው። የጀርመኑ ዳይሬክተር ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሙርናው «ኖስፈራቱ» በተሰኘው ድምፅ አልባ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ቫምፓየሩን በንጋት ብርሃን እንዲጠፋ አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ተቀባበሉት። በስቶከር ልቦለድ ውስጥ ድራኩላ በለንደን ጎዳና ላይ በጠራራ ቀን ይታያል፤ የቀን ብርሃን ኃይሉን ይቀንስበታል እንጂ አይገድለውም። ተኩላ-ሰዎቹ በ2003ቱ ፊልም የሚተኩሷቸው አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያመነጩ ጥይቶች እንግዲህ የአንድ ድምፅ አልባ ፊልም የልጅ ልጆች ናቸው።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የቫምፓየር እምነት ምንጩ ፖርፊሪያ የተባለው በሽታ ነው የሚል አባባል በየጊዜው ይነሣል። ሐሳቡን በ1985 በሰፊው ያስተዋወቀው ዴቪድ ዶልፊን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ የበሽታው ዓይነቶች ቆዳን ለብርሃን እጅግ ስስ ማድረጋቸው እውነት ነው። ክርክሩ የሚፈርሰው መሠረቱ ላይ ነው፤ የመንደሩ ቫምፓየር ፀሐይን የሚፈራ ስላልነበረ፣ ማብራሪያው የሚያብራራው የ1922ቱን ፊልም እንጂ የሕዝቡን እምነት አይደለም። ደም መጠጣትም ለሕመሙ አይፈይድም፤ ታማሚው የሚያስፈልገው ሄም የተባለው ንጥረ ነገር በምግብ መፍጫ አካላት ውስጥ ይፈራርሳልና። በእኔ ግምት ይህ አባባል ያተረፈው ነገር ቢኖር በሕመማቸው ላይ ቅጽል ስም የተጨመረባቸው ሕሙማንን ብቻ ነው።

«ሙሉ ጨረቃ፣ ብር እና ንክሻ የተኩላ-ሰው ጥንታዊ ሕጎች ናቸው»

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጨረቃ ገና በሮማውያን ዘመን በተጻፈ የተኩላ-ሰው ታሪክ ውስጥ ታበራለች። ይሁን እንጂ ሰውየው በየወሩ ሙሉ ጨረቃ በወጣች ቁጥር ሳይወድ በግድ ይለወጣል የሚለው ጥብቅ ሕግ በአሮጌዎቹ የችሎት መዛግብት ውስጥ ቦታ የለውም። በ1589 በኮሎኝ አቅራቢያ የተገደለው ፒተር ሽቱምፕ ዲያብሎስ በሰጠው መታጠቂያ እለወጥ ነበር ብሎ በሥቃይ ውስጥ ተናዝዟል፤ በ1603 በፈረንሳይ የተከሰሰው ወጣት ዣን ግሬኒዬ ደግሞ የተኩላ ቆዳና ቅባት እንደተሰጠው ተናገረ። ሁለቱም ተነክሰው አልተለወጡም።

የዛሬዎቹ ሕጎች መልክ የያዙት በሆሊውድ ነው፤ በተለይ ከናዚ ጀርመን የሸሸው ኩርት ሲዮድማክ በጻፈው በ1941ዱ «ዘ ዎልፍ ማን» እና በተከታዮቹ። በፊልሙ የሚነበነበው፣ ልቡ ንጹሕ የሆነ ሰው እንኳ ተኩላ ሊሆን እንደሚችል የሚናገረው ግጥም ብዙዎች የሕዝብ ግጥም ቢመስላቸውም፣ የሲዮድማክ የራሱ ድርሰት ነው። ግጥሙ በ1941 የሚያነሣው የበልግን ብሩህ ጨረቃ ሲሆን፣ ጨረቃዋ «ሙሉ» የተባለችው በ1943 ተከታይ ፊልም ላይ ነው። ብርንም በተመለከተ፣ ከ1764 እስከ 1767 በፈረንሳይ ዤቮዳን አካባቢ ሰው ይፈጅ የነበረውን አውሬ ዣን ሻስቴል በብር ጥይት ገደለው የሚለው ትረካ ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ነው፤ መግደሉ ግን እውነት ነው። «አንደርወርልድ» ብሩን አስቀርቶ ጨረቃዋን አሰናበተ፤ በዕድሜ የገፉት ተኩላ-ሰዎች ባሻቸው ጊዜ ይለወጣሉ። ሊካን የሚለው መጠሪያቸው ከፊልሙ ሁሉ ጥንታዊው ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ሥሩ ተኩላ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው፤ በግሪክ አፈ ታሪክም አማልክትን በማስቆጣቱ ተኩላ የሆነ ሊካኦን የሚባል ንጉሥ አለ።

«ቫምፓየር ምንጊዜም ገርጣጣ መኳንንት ነው»

በ1725 በሰርቢያ መንደር ከሞተ በኋላ ሰው ገደለ ተብሎ አስከሬኑ ከመቃብር የወጣው ፔታር ብላጎዬቪች ገበሬ ነበር። በ1732 የኦስትሪያ ጦር ሐኪሞች ፈርመው የላኩት ዝነኛ ሪፖርትም የሚያወራው ስለ መንደርተኞች ነው፤ አስከሬኖቹ አብጠው፣ ቀልተውና አፋቸው ላይ ደም ታይቶባቸው ተገኙ ይላል፤ ይህም ዛሬ የማንኛውም አስከሬን የመበስበስ ሂደት እንደሆነ ይታወቃል። ቫምፓየርን ወደ መኳንንት ሳሎን ያስገባው በ1819 የታተመው የጆን ፖሊዶሪ አጭር ልቦለድ ነው። ፖሊዶሪ የባለቅኔው የሎርድ ባይረን የግል ሐኪም ነበር፤ ገጸ ባሕርዩንም በባይረን አምሳል ቀረጸው ይባላል። ሐር የለበሱ ቫምፓየሮችን ጉድጓድ ውስጥ ከሚኖሩ ተኩላ-ሰዎች ጋር የሚያፋጥጠው የፊልሞቹ የመደብ ልዩነት ያለዚህ ገጸ ባሕርይ ባልታሰበ ነበር።

«አንደርወርልድ ከትዋይላይት የተቀዳ ነው፤ ስርቆቱም በፍርድ ቤት ተረጋግጧል»

የመጀመሪያውን የዘመን ስሌት ይፈታዋል፤ የ«ትዋይላይት» መጽሐፍ የወጣው በ2005፣ ፊልሙ ደግሞ በ2008 ነው። ክስ የተባለው ግን ነበረ። ከላይ የተጠቀሱትን ጨዋታዎች ያሳተመው ዋይት ዎልፍ የተባለው ድርጅትና ደራሲዋ ናንሲ ኮሊንስ በ2003 የፊልሙን ባለቤቶች ከሰዋል፤ ነገሩ ዝርዝሩ ባልተገለጸ ስምምነት ስላለቀ የትኛውም ችሎት ስርቆት ተፈጽሟል ብሎ አልፈረደም።

«አውሬዎቹ ሁሉ የኮምፒውተር ሥራ ናቸው»

አይደሉም። በመጀመሪያው ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ፓትሪክ ታቶፑሎስ የነደፈውንና ሰው ለብሶት የሚተውንበትን ልብስ ነው፤ ኮምፒውተሩ በዋናነት ያገለገለው ለለውጡ ቅጽበትና ሰው ሊሠራው ለማይችለው እንቅስቃሴ ነው። ታቶፑሎስ በኋላ የ2009ኙን ሦስተኛ ክፍል ራሱ ዳይሬክት አድርጎታል። ሥፍራውም ብዙዎች እንደሚገምቱት ትራንሲልቫኒያ አይደለም፤ የመጀመሪያው ፊልም በአብዛኛው የተቀረጸው በቡዳፔስት፣ ሦስተኛው በኒው ዚላንድ፣ አምስተኛው በፕራግ ነው።

«ከተኩስና ከጥቁር ልብስ በቀር ፍሬ የለውም»

ሐያስያን ከዚህ የባሰም ብለዋል፤ ፍርዳቸው ሁሉ ስሕተት ነው አልልም፤ የንግግሩ ድርቀት እኔንም አሰልችቶኛል። ተመልካቹ ግን በ22 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለተሠራው ፊልም ከ95 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል፤ ለዚህም ምክንያቱ ተኩሱ ብቻ አይመስለኝም። ጦርነቱን የለኮሰው አንድ የቫምፓየር አለቃ ልጁ ተኩላ-ሰው ወድዳ በመፀነሷ በሞት መቅጣቱ ነው። የታሪኩ ጠንሳሽ ጥቁር አሜሪካዊው ኬቨን ግሬቪዩ ሐሳቡ ከዘሩ ውጭ ካሉ ሴቶች ጋር በነበረው የፍቅር ግንኙነት ከገጠመው እንደመነጨ ተናግሯል፤ ይህን ያወቀ ሰው ሁለቱ ደሞች አይቀላቀሉም የሚለውን የቫምፓየሮቹን ሕግ በሌላ ዓይን ያያል። ግሬቪዩ ማይክሮባዮሎጂ የተማረ ሰው ስለሆነ፣ በፊልሙ ውስጥ የእርግማንን ቦታ ቫይረስ መያዙም አያስገርምም። በፊልሙ ሬዝ የተባለውን ግዙፍ ተኩላ-ሰው ሆኖ የተወነውም እርሱ ነው፤ ብዙ ተመልካች በማሽን የተወፈረ የሚመስለው ያ ከምድር በታች የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ደግሞ የገዛ ራሱ ድምፅ ነው።